በጮቄ ወገብ ላይ ሎጅና የሚሸጥ ቤት፦ ተራራው ይቅደም ወይስ ቤቱ?

ስናን ማዶ
ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። በምሥራቅ ጎጃም፣ ረቡዕ ገበያ ከሚባለው ከተማ በላይ በጮቄ ተራራ ወገብ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ስምንት ቃዳ (ሁለት ሄክታር) ቦታ ለማልማት የታሰበ ዕቅድ አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው 20 የሚሸጡ ቪላዎች፣ 8 የእንግዳ ጎጆዎች፣ አንድ ምግብ ቤትና እስከ ተራራው አናት የሚወጣ የእግር መንገድ ነው። ገንዘቡ ከቪላው ሽያጭ እንዲመጣ ነው የታሰበው። ከባለ አክሲዮኖቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ውጭ አገር የበረዶ ሸርተቴ ተራሮችን አይተው "ኬብል መኪና ይተከል፣ በረዶም በማሽን ይሠራ" ይላሉ። ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። የበረዶው ነገር ይቻላል ወይ? ከቤቱና ከተራራው ሥራ የትኛው ይቅደም? በዚያ ከፍታ ግንባታን የሚያበላሸው ምንድን ነው? የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ጻፉልኝ።

ጨሞጋ
የበረዶውን ነገር አስቀድመን እንዝጋው፣ ጊዜ እንዳይበላ።

ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እስከ 4,000 ሜትር ስትወጣ አማካዩ ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል። ይህ ውርጭ ነው፣ ግን በረዶን አያስተኛም። ሌሊት አመዳይ ይጥላል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ታጥበዋለች። ክረምት የሚወርደው የድንጋይ በረዶም መሬቱን አንድ ከሰዓት ያነጣውና ይሄዳል።

ሰዎች ሌሶቶን ምሳሌ ያደርጋሉ። እውነት ነው፣ አፍሪስኪ የሚባለው የሸርተቴ ቦታ 3,222 ሜትር ላይ ነው፤ ከፍታው ከእናንተ ቦታ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ያ ቦታ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 29 ዲግሪ ያህል መራቁ ነው፤ ስለዚህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ እውነተኛ የቁር ወራት አሉት። የሞሮኮው ኡካይመደን ደግሞ በስተሰሜን 31 ዲግሪ ላይ ነው። ጮቄ 10 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። እኛ ዘንድ የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ከወር ወሩ ልዩነት ይበልጣል፤ በረዶ የሚያስተኛ ወር የለንም።

ማሽኑም አያድንም። በረዶ ረጪ ማሽን የሚሠራው የአየሩ ቅዝቃዜ ከእርጥበቱ ጋር ተዳምሮ ሲለካ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አንድ ሄክታር መሬት 30 ሳንቲ ሜትር ለመሸፈን 3,000 ሜትር ኩብ በረዶ ያስፈልጋል። ከአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ኩብ በረዶ ይወጣል፤ ስለዚህ እስከ 1,500 ሜትር ኩብ ውኃ ይፈጃል። በቀን 20 ሊትር ለሚቀዳ ሰው ይህ የ75,000 ቀን ውኃ ነው። ያውም የሚፈለገው በታኅሣሥና በጥር፣ ምንጩ መሳሳት ሲጀምር ነው። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ተምጫ ሁሉ ከዚህ ተራራ ነው የሚነሡት። ለአንድ ጥዋት ነጭ መሬት ብሎ ይህን ውኃ የሚነካ ዕቅድ ከጅምሩ ይሰረዝ።

መሐንዲስ ዘብቸና
በጨሞጋ ስሌት እስማማለሁ። ነገር ግን ባለ አክሲዮኖቹ ከሸርተቴ ተራሮች ሊማሩት የሚገባ ነገር አለ፤ እሱም በረዶው አይደለም፣ የገንዘቡ አካሄድ ነው።

እነዚያ ቦታዎች ሁለት ሥራ ያጣምራሉ። አንዱ የተራራው ሥራ ነው፦ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣው ማንሻ፣ መንገዱ፣ የጎርፍ ቦዩ፣ ውኃው። ሁለተኛው ከሥሩ ያለው ቤት ሽያጭ ነው። ቤት የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ተራራው ግን በየዓመቱ ጥገና ይበላል። የሽያጩ ገንዘብ ካለቀ በኋላ ተራራውን የሚያኖረው እንግዳ ካልተገኘ ቤቱም ዋጋ ያጣል። ካናዳ ያለው ዊስለር በ1966 (እንደ አውሮፓ) በማንሻና በቁልቁለት ነው የጀመረው፤ የመንደሩ ግንባታ የመጣው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሁለቱን ተራሮች የሚያገናኘው 4.4 ኪሎ ሜትር ኬብል የተከፈተ ደግሞ በ2008 ነው። ይህ ረጅሙ ኬብል የተተከለው በ42ኛው ዓመት መሆኑን ባለ አክሲዮኖቹ ይዩት።

ሌላው "ቀዝቃዛ አልጋ" የሚሉት ነገር ነው። ባለቤቱ በዓመት ሁለት ሳምንት መጥቶ የቀረውን ጊዜ የሚዘጋው ቤት ማለት ነው። ቤቱ ይዘጋል፤ መንገዱ፣ መብራቱ፣ ቧንቧው ግን ለሙሉ ቤት ነው የተዘረጋው። ስዊዘርላንዶች በመጋቢት 2012 (እንደ አውሮፓ) በሕዝብ ድምፅ በየአካባቢው ሁለተኛ ቤት (ባለቤቱ ዘወትር የማይኖርበት) ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰኑት በዚህ ምክንያት ነው። ጮቄ ላይ 20 ቪላ ቢሸጥ ገዢው ማን ነው? አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለ ሰው። ለጥምቀትና ለፋሲካ ይመጣል፣ ከዚያ ዘበኛ ብቻ ይቀራል። የረቡዕ ገበያ ሰው እንቁላልና ድንች የሚሸጥለት እንግዳ አያገኝም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ተራራው ይቅደም፣ ስምንቱ ጎጆ ይከተል፣ ቪላው ከዕቅዱ ይውጣ።

አክሲዮን ያዥ
መሐንዲስ፣ ያሉት ገብቶኛል፤ ግን ሽያጭ ከሌለ መነሻው ከየት ይምጣ? ባንክ ለጎጆ ብሎ ያለ ዋስትና አያበድርም።

የመሬት ጉዳይ
እዚህ ላይ ሕጉን ሳታዩ አትከራከሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የከተማ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የሚሠራው በከተማ ክልል ውስጥ ነው። በተራራው ወገብ ያለው ስምንት ቃዳ ግን የገጠር መሬት ነው፤ በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ይገዛል፣ ለባለሀብት የሚሰጠውም በኪራይ ውል ለተወሰነ ዘመን ነው። በኪራይ በያዝከው ገጠር መሬት ላይ ቪላ ሠርተህ ለ20 ሰው ካርታ ማውጣት አትችልም። የሰው ገንዘብ ተቀብለህ ካርታ ስታጣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው።

ቤት መሸጥ የግድ ከሆነ ረቡዕ ገበያ ከተማው ፕላን ውስጥ፣ በሊዝ ጨረታ፣ በግንባታ ፈቃድ ይሁን። ያ ለሎጁ ሠራተኞች መኖሪያም ይሆናል። ተራራው ላይ የምትሠሩት የሚከራየውን ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስምንቱ ቃዳ የማን ነው? የግጦሽ ከሆነ የጋራ ነው፣ በካርታ ላይ ባዶ ቢመስልም የሦስት ጎጥ ከብት ይውልበታል። የአርሶ አደር ይዞታ ከሆነ የካሳው ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይታያል፤ ካሳ ቀድሞ ይከፈላል እንጂ ሥራ ተጀምሮ አይደለም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማም (አዋጅ ቁጥር 299/1995) ከፈቃዱ በፊት ነው። ሰነዱን ለማሟላት ብቻ አታስጽፉት፤ የምንጩ መጠን፣ የጎርፉ መውጫ፣ የግጦሹ ድርሻ በቁጥር ይግባበት።

አፈርና ውኃ
አሁን ወደ ተራራው ሥራ ልግባ፤ የሚበዛው ስሕተት እዚያ ነውና ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መንገዱን አስቀድሙ። ከ3,200 ወደ 4,000 ሜትር ለመውጣት 800 ሜትር ከፍታ አለ። በአማካይ 10 በመቶ ዳገት ከተሠራ መንገዱ 8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። "ይህማ ረዘመ፣ በቀጥታ ሦስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም" የሚል ሰው አይጠፋም። በቀጥታ ሲወጣ 27 በመቶ ይሆናል፤ በሁለት ክረምት መንገድ መሆኑ ቀርቶ ቦረቦር ይሆናል። ውኃ የሰው እግር የላጠውን መስመር ተከትሎ ነው የሚወርደው።

የምትይዙት ሕግ ይህ ነው፦ የመንገዱ ዳገት ከጎኑ ቁልቁለት ግማሽ አይብለጥ። ጎኑ 30 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ15 በመቶ በታች። ከግማሹ ካለፈ ውኃው ወደ ጎን መውጣቱን ትቶ መንገዱን ይዞ ይሮጣል። የመንገዱ ወለል ወደ ቁልቁለቱ በኩል 5 በመቶ ይዘንብል። በየ15 እና 20 ሜትሩ መንገዱ ትንሽ ወረድ ብሎ እንደገና ይውጣ፤ ያቺ ወረድ ያለች ቦታ ውኃው የሚወጣባት ናት። ይህ ከመጀመሪያው ከተቀየሰ ምንም ወጪ የለውም፤ ኋላ ድንጋይ ደርድሮ ውኃ መቀልበስ ግን ብዙ ጉልበት ይፈጃል። የግድ ድንጋይ ካስፈለገ በመንገዱ ላይ በ45 ዲግሪ አግድሙት፣ ከድንጋዩ ሁለት እጁ መሬት ውስጥ ይቀበር። ላይ ላዩን የተቀመጠ ድንጋይ በቅሎ ረግጣ ታነሣዋለች።

ስፋቱ ለሰው ብቻ 1.2 ሜትር ይበቃል፣ በቅሎ የሚያልፍበት ከሆነ 2 ሜትር አድርጉት። ረግረግ ባለበት ቦታ አፈር አትሙሉ፤ ከሥር ጨርቁን (ጂኦቴክስታይል) አንጥፉ፣ በላዩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ድንጋይ ደርድሩ። ያለ ጨርቁ ድንጋዩ በሁለት ዓመት ውስጥ ጭቃው ውስጥ ይሰጥማል።

አሁን የጎርፍ መቀልበሻው ቦይ። ከግንባታው በላይ ያለው ተዳፋት አራት ሄክታር ነው እንበል። በሰዓት 80 ሚሊ ሜትር የሚጥል ኃይለኛ ዝናብ ቢመጣና ግማሹ ቢፈስ በሰከንድ 0.44 ሜትር ኩብ ውኃ ይወርዳል። ታቹ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጎኑ በ45 ዲግሪ የተከፈተ፣ ውኃው 50 ሳንቲ ሜትር የሚይዝ ቦይ በ0.5 በመቶ ዝንባሌ 0.48 ያህል ያሳልፋል። ይበቃል፤ ግን ቆፍራችሁ ጥልቀቱን 65 አድርሱት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ለደለልና ለበረዶ ክምር ይተርፍ። ጮቄ ላይ የድንጋይ በረዶ ቦዩን ሲሞላው ውኃው ጥሶ ነው የሚወጣው፤ ይህን የቆላ ስሌት አያሳይም።

ዝንባሌው ከ1 በመቶ ካለፈ ቦዩ ራሱን ይቆፍራል፣ ከ0.3 በመቶ ካነሰ በደለል ይሞላል። ከሁሉም በላይ የቦዩ መጨረሻ የት ነው? አብዛኛው ቦይ የሚበላሸው በጫፉ ነው። ወደ ሰው ማሳ ወይም ወደ ባዶ ሣር ከለቀቃችሁት በአንድ ነሐሴ ሸለቆ ይከፍታል። በድንጋይ የተነጠፈ መውረጃ ወይም ነባር ወንዝ ላይ ይጨርስ። የነበረ ቦረቦር ካለ በክትር አስሩት፤ አንድ ሜትር ቁመት ያለው ክትር 15 በመቶ በሆነ ቦረቦር ላይ በየ6.5 ሜትሩ ይተከላል፣ የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር አናት ጋር እኩል እንዲሆን። ጎኖቹ ወደ ግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ይግቡ፣ መሀሉ ዝቅ ይበል። መሀሉ ከፍ ያለ ክትር ውኃውን ወደ ጎን ገፍቶ የቦረቦሩን ዳር ያስበላዋል።

ጓሳ
አፈርና ውኃ በጥሩ ሁኔታ አስረድቶታል። እኔ የምጨምረው ሣሩን ነው። ከ3,200 በላይ ዶዘር አታስገቡ። የሸርተቴ ተራሮች ላይ ቁልቁለቱን በዶዘር ላጭተው ያስተካከሉባቸው ቦታዎች ከዛፍ መስመር በላይ ስለሆኑ ሣሩ ሳይመለስ አሥርተ ዓመታት ቆይቷል። ቀዝቃዛ አፈር ቁስሉን ቶሎ አይሽርም።

የምትቆፍሩበት ቦታ ላይ ያለውን ሣር ከነአፈሩ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 20፣ አድርጋችሁ በአካፋ አንሡት። አትከምሩት፤ አንድ ረድፍ ብቻ አንጥፋችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ ውኃ አጠጡት። ከሁለት ሳምንት በላይ ካቆያችሁት ሥሩ ይሞታል። ስለዚህ ዛሬ የምታነሡትን የምትመልሱት ትናንት ባለቀው ቦታ ላይ እንዲሆን ሥራውን በቁራጭ በቁራጭ ሂዱበት። ለተራቆተ ቦታ የጓሳ ሣር ግንዱን ከፍላችሁ በሰኔ መግቢያ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ትከሉ። ጅብራውን (ረጅሙን የውርጭ ተክል) ግን ነቅላችሁ አታዛውሩ፤ አይጸድቅም፣ አንዱ ለማደግ የሚፈጀው ዘመን ብዙ ነው። መንገዱ ይጠመዘዝለት።

ስናን ማዶ
እግዜር ይስጥልኝ። ጓሳ፣ አንድ ጥያቄ፦ ጎጆዎቹን በጓሳ ሣር ለመክደን ነው የታሰበው። ይህስ?

ጓሳ
ክዳኑ ጥሩ ነው፤ ችግሩ መጠኑ ነው። 7 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጎጆ፣ 45 ዲግሪ ተዳፋት ያለው ጣሪያ፣ ከግድግዳው ወጣ ካለው ጠርዙ ጋር ከ60 እስከ 70 ካሬ ሜትር ይከደናል። ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር ካልሆነ አያዛልቅም። ስምንት ጎጆ በአንድ ዓመት ከተከደነ ከተራራው የሚታጨደው ጓሳ የሰው ቤት ክዳንና የገመድ ሥራ ድርሻ ነው። በዓመት ከሁለት ጎጆ በላይ አትክደኑ፤ ከጎጡ ሰዎች ጋር በተስማማችሁበት ወር፣ ዘሩ ከረገፈ በኋላ እጨዱ።

አናጢው
45 ዲግሪ ዝቅተኛው ነው፤ እኔ ለጮቄ 50 ነው የምለው። ጉሙ ቀኑን ሙሉ ሲያረጥበው የሚውል ሣር ቶሎ ካልደረቀ ይበሰብሳል፣ ቁልቁለቱ ባነሰ ቁጥር ውኃው ይዘገያል።

ወጋግራውንና ማገሩን ከቀርከሃ አድርጉት፣ ከአካባቢው ይገኛል። ግን ቀርከሃን ማንም ቆርጦ ስለሰጠ አትግዙ። ሦስት ዓመት የሞላው ይሁን (አረንጓዴው ደብዝዞ ነጫጭ ነጥብ ያወጣ)፣ በበጋ ይቆረጥ። በክረምት የተቆረጠው ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ነቀዝ በዓመቱ ይጨርሰዋል። የውስጡን አንጓ በረጅም ብረት ብሱት፤ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ (5 በመቶ ገደማ) ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ንከሩት፤ ከዚያ በጥላ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁት ይሰነጠቃል። ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ካልቆመ መድኃኒቱ በዝናብ ይታጠባል።

ለምግብ ቤቱ ቆርቆሮ ካደረጋችሁ ከሥሩ ኮርኒስና ማገጃ ይኑር። በረዶ ሲወርድበት ሰው መነጋገር አይችልም፤ ሌሊት ደግሞ የእንግዳው ትንፋሽ በብርዱ ቆርቆሮ ላይ ጠል ሆኖ በገበታው ላይ ይንጠባጠባል። ይህን "ጣሪያው ያፈሳል" ብለው ሚስማር የሚቀይሩ ሰዎች አሉ፤ የሚያስፈልገው የአየር መውጫ ነው።

መሐንዲስ ዘብቸና
መሠረቱን በተመለከተ። የጮቄ ከፍተኛው ክፍል አፈር ጥቁርና ቀላል የእሳተ ገሞራ አፈር ነው። ብዙ ውኃ ይይዛል፤ በእርጥበቱ ሲረገጥና ሲታሽ ጉልበቱን ያጣል። ከታች በደጀንና በብቸና በኩል ካለው ኮትቻ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ይለያል፤ ኮትቻው ያብጣል ይሰነጠቃል፣ ይኸኛው ይሰምጣል። ለኮትቻ የተሠራ ንድፍ ይዛችሁ እንዳትወጡ።

የሙከራ ጉድጓድ በየጎጆው ቦታ እስከ 3 ሜትር ይቆፈር፣ በነሐሴ። በመጋቢት የተቆፈረ ደረቅ ጉድጓድ ያታልላል፤ ውኃው የሚታየው በክረምት ነው።

ተዳፋቱ 25 በመቶ በሆነ ቦታ 8 ሜትር ስፋት ያለው ቤት ላይና ታቹ 2 ሜትር ይበላለጣል። የተለመደው ስሕተት ላዩን አንድ ሜትር ቆርጦ ታቹን በዚያው አፈር ሞልቶ መደልደል ነው። ቤቱ ግማሹ በጠንካራ፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ይቀመጣል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ስንጥቁ ልክ በሙሌቱ መስመር ላይ ይወጣል። መሠረቱ በደረጃ ይውረድ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ያልተነካ መሬት ላይ ይረፍ። መደገፊያ ግንብ ካስፈለገ ለ2 ሜትር ቁመት የታቹ ስፋት ከ1.2 ሜትር አይነስ፤ በየ1.5 ሜትሩ 75 ሚሊ ሜትር የውኃ መውጫ ቧንቧ፣ ከኋላው ጠጠር። ግንብን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው የታቆረው ውኃ ነው።

ኮንክሪት ከ5 ዲግሪ በታች ሲሆን መጠንከሩ ይዘገያል፣ ከነእርጥበቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ፊቱ ይላጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ረፋድ ሦስት ሰዓት ጀምራችሁ እስከ ሰባት ሰዓት ጨርሱ፤ ማታ በላስቲክ ሸፍናችሁ በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ጭድ አልብሱት። ሲሚንቶ መጨመር ለዚህ መድኃኒት አይደለም። የጭቃ ልስንም እንዲሁ ነው፤ ሳይደርቅ ውርጭ ካገኘው ይፈረፈራል፣ ስለዚህ ልስኑ በየካቲትና በመጋቢት ይሁን።

ቧንቧ ሠሪ
ውኃውን ማንም በቁጥር አላነሣውም። ስምንት ጎጆ ሲሞላ 16 እንግዳ ነው፤ ለሰው 120 ሊትር። 12 ሠራተኛ በ50 ሊትር። ወጥ ቤቱና እጥበቱ ሲጨመር በቀን 3,500 ሊትር ያዙ። አሁን ቪላውን እንቁጠር፦ 20 ቤት፣ አምስት አምስት ሰው፣ 120 ሊትር፤ 12,000 ሊትር። በግንቦት በሰከንድ 0.2 ሊትር የሚሰጥ ምንጭ በቀን 17,280 ሊትር ነው። ቪላውና ሎጁ አብረው 15,500 ይጠጣሉ፤ ለጎጡና ለከብቱ 1,780 ሊትር ይቀራል። ሎጁ ብቻውን ከሆነ 13,780 ይተርፋል። የቪላው ክርክር ለእኔ እዚህ ላይ ያበቃል።

ምንጩ ሲጎለብት ውኃው ከሚወጣበት ጠንካራ ንጣፍ ድረስ ወደ ኋላ ተቆፍሮ፣ በታጠበ ጠጠር ተሞልቶ፣ በላዩ በተረገጠ ሸክላ አፈር ይዘጋል። ከላይ በ10 ሜትር ርቀት የጎርፍ ቦይ፣ ዙሪያውን አጥር። ሲሠራ ውኃው በነጻ ይፍሰስ፤ ከዓይኑ ከፍታ በላይ ግድብ ካደረጋችሁበት መንገዱን ቀይሮ ሌላ ቦታ ይወጣል። ጠበል የሆነ ምንጭ ከሆነ አትንኩት፣ ሌላ ፈልጉ።

መስመሩ የፕላስቲክ (ኤችዲፒኢ) ይሁን፣ 50 ሳንቲ ሜትር ይቀበር። ሌሊት የሚፈነዳው ከመሬት ወጥቶ በግድግዳ ላይ የሚታየው የብረት ቁራጭ ነው፤ እሱን በሰሜን ግድግዳ ላይ አታውጡ፣ በማታ ባዶ የሚደረግበት መዝጊያ ከታች ይኑረው። የፀሐይ ማሞቂያ የምትገዙ ከሆነ ውኃው በቀጥታ በቱቦው የሚያልፍበትን አትግዙ፣ ቱቦው ውስጥ የማይቀዘቅዝ ፈሳሽ የሚዞርበትን ግዙ።

ፍሳሹ ሦስት ቀን የሚያርፍበት ጉድጓድ ለ3,500 ሊትር ከ10.5 ሜትር ኩብ አይነስ፤ ብርድ ላይ ቆሻሻ ቶሎ አይብላላምና ወደ 14 አድርጉት። የማስረጊያው ቦታ ከምንጩ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ።

አክሲዮን ያዥ
በዚህ ስሌት ቪላውን የምከራከርበት የለኝም። መብራቱስ? ጄነሬተር 20 ኪሎ ዋት ታስቧል።

ቧንቧ ሠሪ
በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፣ ከባሕር ጠለል 70 በመቶ ገደማ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ 20 የተጻፈበት 14 ገደማ ቢሰጥ ነው። ጭሱ ከጠቆረ ነዳጁ በዝቶበታል ማለት ነው፣ ፓምፑ ለከፍታ ይስተካከል። የፀሐይ ሰሌዳ በብርድ የተሻለ ይሠራል፤ የሊቲየም ባትሪ ግን ከዜሮ በታች ሲሆን መሞላት የለበትም፣ ይበላሻል። ባትሪውን ከወጥ ቤቱ ጋር በሚጋራው ግድግዳ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። ወጥ ቤቱም ይወቀው፦ 3,200 ላይ ውኃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ያለ ግፊት ድስት ቶሎ አይበስልም።

መሐንዲስ ዘብቸና
መብረቁን ረስተናል። ተረተር ላይ ጎጆ አትሥሩ፣ ከተረተሩ 30 ሜትር ወረድ ይበል። ለምግብ ቤቱ የመዳብ ዘንግ፣ የመሬት ግንኙነቱ ተለክቶ ከ10 ኦም በታች። በድንጋያማ መሬት አንድ ዘንግ አይበቃም፤ ሦስት በሦስት ሜትር ርቀት ተክላችሁ አገናኙ።

ስናን ማዶ
ጋሼ መሐንዲስ፣ አንቱም ሌሎቻችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ቪላው ከዕቅዱ እንዲወጣ ለባለ አክሲዮኖቹ የቧንቧ ሠሪን ቁጥር ይዤ እቀርባለሁ። የምንጩ ልኬት በግንቦት ይሁን ካላችሁ፣ እንዴት ይለካ?

ቧንቧ ሠሪ
ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ በልግ ዝናብ ያልነካው የግንቦት ሳምንት ድረስ፣ በሳምንት አንድ ቀን። ዝናብ ከጣለ አራት ቀን ጠብቁ። የሚፈስሰውን ሁሉ በአንድ ቧንቧ ሰብስባችሁ፣ ጎን ለጎን የሚያመልጠውን በጭቃ ዘግታችሁ፣ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ጊዜ ሙሉና ሰከንዱን መዝግቡ። በ100 ሰከንድ ከሞላ 0.2 ነው። ሰው ከመቅዳቱ በፊት ንጋት ላይ አንድ ጊዜ፣ ከብት ካጠጡ በኋላ ከሰዓት አንድ ጊዜ ለኩ። ከጎጡ ሽማግሌዎች አንዱ ከጎናችሁ ቆሞ ይቁጠር፣ ቁጥሩም በእሱ ፊት ይጻፍ። ዝቅተኛውን ያዙ፣ አማካዩን አትያዙ።